ከአጎቴ የዶሮ ቤት እስከ ስሎቬኒያ የንብ ማኅበራት

አጎቴ ጓሮ አንድ ዘመናዊ ቀፎ አለ። ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። ነገሩ ግን የስንፍና አይደለም፤ አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ከንብ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። መንጋ ሲያልፍ ገና ከሩቅ በድምፁ ያውቃሉ፣ ቀፎውን በወይራ አጥነው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ ማር የሚቆርጡበትን ሌሊት ራሳቸው ይመርጣሉ። ከዓመታት በፊት ወረዳ ከተማ ተጠርተው ሁለት ቀን ሠለጠኑ። አበል ተቀበሉ፣ ሰርተፊኬት ተቀበሉ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ባለ ፍሬም ሣጥን ይዘው ተመለሱ (ፍሬም ማለት ንቦቹ የማር እንጀራቸውን የሚሠሩበት፣ የሚወጣና የሚገባ የእንጨት ክፈፍ ነው)። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ወጣ። ንቦቹ ሣጥኑን ለመዱት፣ የመጀመሪያው ዓመት ማርም ደህና ነበር። ከዚያ ንቦቹ መስመር ይዘው እንዲሠሩ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው ሰም አለቀ። ሰም የሚያነጥፍ መሣሪያ በአካባቢው የለም፣ ማሩን አሽከርክሮ የሚያወጣው ማሽን ሩቅ ነው፣ ያሠለጠናቸው ልጅ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ንቦቹ ምን አደረጉ? የማር እንጀራቸውን ፍሬሙን እያቋረጡ በፈለጉበት አቅጣጫ ሠሩት። ሣጥኑ አልከፈት አለ። በሁለተኛው ዓመት ኮበለሉ።

«ማንን ልጠይቅ?» ነው ያሉኝ አጎቴ። ሌላ ምንም አላሉም።

እኔ ደግሞ ይህቺ ጥያቄ አልወጣልኝ አለች። ንብ አናቢ ሲቸግረው በእግሩ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ያለበት አገር ይኖር ይሆን ብዬ ሳነብ ሳነብ ስሎቬኒያ ላይ ደረስኩ። የዛሬው ጉዳይ እሷ ናት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ስሎቬኒያ ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧ ከ2 ሚሊዮን እምብዛም የማይበልጥ፣ ማለትም አዲስ አበባን የማታክል። በዚህች አገር 11,000 የሚሆን ንብ አናቢ አለ። ከ200 ሰው አንዱ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ በንብ የሚተዳደሩ አይደሉም፤ ሌላ ሥራ አላቸው ወይም ጡረታ ወጥተዋል፣ ጓሯቸው ወይም የመንደሩ ዳር ላይ ጥቂት ቀፎ ይይዛሉ። በቋንቋቸው እንስሳ ሲሞት የሚባልበት ቃል ሌላ ነው፣ ሰው ሲሞት የሚባልበት ሌላ። ንብ ስትሞት የሚሉት የሰውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሠዓሊ ነው ቢባል ይቻላል። አንቶን ያንሻ በ1734 ብሬዝኒትሳ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ከመቶ በላይ ቀፎ ነበራቸው፣ የአካባቢው ገበሬም እየተሰበሰበ ስለ እርሻውና ስለ ንቡ ያወጋ ነበር። ልጁ ከወንድሞቹ ጋር ሥዕል ይሠራል፤ ሥዕል ሊማርም ቪየና ወረደ። ቪየና ግን ሥዕሉን አስጥላ ወደ ንቡ መለሰችው። በ1770 የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የንብ ማነብ አስተማሪ አድርገው ሾሙት፤ በንጉሣዊ ትእዛዝ የተሾመ የመጀመሪያው የንብ መምህር እሱ ነው። ቀፎውን ቪየና ውስጥ ባለው የአውጋርተን መናፈሻ አስቀምጦ፣ ክፍለ አገሩንም እየዞረ ያስተምር ነበር። ዕድሜው አጭር ነው፣ በ1773 በ39 ዓመቱ ሞተ። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ የንብ አስተማሪ ሁሉ በያንሻ መጽሐፎች እንዲያስተምር አዘዙ።

ያንሻ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ንግሥቲቱ ከድንጉላዎች፣ ማለትም ከወንዶቹ ንቦች፣ ጋር የምትገናኘው ከቀፎ ውጭ፣ አየር ላይ መሆኑን ነው። በዘመኑ ድንጉላ ውኃ ቀጂ ነው የሚል ሰው ነበር። (እኛም ብንሆን ብዙ አንፍረድ፤ ዛሬም ድረስ ንግሥቲቱን «አውራ» ነው የምንላት፣ ወንድ አድርገናት ቀረን።)

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያንሻ ሲማር ያደገው ከአባቱ ግቢና ከጎረቤት ወሬ ነው። ትልቅ አስተማሪ ሲሆንም ያንኑ የጎረቤት ወሬ ነው ወደ ትምህርት ቤት ያስገባው። ስሎቬኒያውያን ይህን አልረሱትም።

በዚያ ዘመን ቀፏቸው ረጅም ዝቅ ያለ ሣጥን ነበር፣ እንደ መሳቢያ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። የፊቱን ጣውላ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሥዕል ያጌጡት ጀመር። አንዱ ምክንያት ቀፎዎቹን ለመለየት ነው፤ ባለቤቱ የትኛው መንጋ እንደወጣ፣ የትኛው እንደደከመ «የቅዱስ እንትናው ቀፎ» ብሎ ያስታውሳል። ንቦቹም ቤታቸውን በቀለሙ ያውቁታል ይባላል። መጀመሪያ ቅዱሳን ተሣሉ። ቀስ እያለ ቀልድ ገባበት፤ አዳኙ ሞቶ አውሬዎቹ ተሸክመው ሲቀብሩት፣ ሰይጣን የሴትዮዋን ምላስ በመሳያ ድንጋይ ሲስለው። እኛ በባጃጅና በአይሱዙ ላይ ጥቅስ እንደምንጽፈው ነው፣ እነሱ በቀፎ ላይ ሣሉት። ራዶቭሊትሳ በምትባለው ከተማ ከ1959 ጀምሮ ለንብ ማነብ ብቻ የቆመ ሙዚየም አለ፤ እነዚህ ጣውላዎች እዚያ ተሰቅለዋል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልግባ፣ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነውና።

የዛሬው የንብ አናቢዎች ኅብረታቸው ታሪኩን ከ1873 ይቆጥራል። መጽሔታቸው ከ1898 ጀምሮ እየታተመ ዛሬም በአባላቱ እጅ ይገባል። ሁለት የዓለም ጦርነት፣ ሦስት አራት ዓይነት መንግሥት አልፎበት ማለት ነው። ዛሬ በኅብረቱ ሥር ከ200 በላይ የአካባቢ ማኅበራት አሉ። አገሪቱ ትንሽ መሆኗን አትርሱ። በየትኛውም መንደር ብትሆን፣ ማኅበርህ በእግር ወይም በብስክሌት የሚደረስበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። እድር ብላችሁ አስቡት፣ ወይም የጽዋ ማኅበር። እንዲያውም የጽዋው ይቀርባል፤ የንብ አናቢዎች ጠባቂ ቅዱስ የሚባለው አምብሮስ ነው፣ በዓሉም ታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ፣ ንብ ቀፎው ውስጥ ተጠቅልሎ በሚከርምበት ጊዜ ይውላል።

ዋና ጽሕፈት ቤታቸው ሉኮቪትሳ አጠገብ ብርዶ በምትባል ቦታ ያለ የትምህርት ማዕከል ነው። ከዚያ የሚወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ አንዱ ስለ ንብ አያያዝ፣ አንዱ ስለ ማር ጥራትና ንጽሕና፣ አንዱ ስለ ሥራው ኢኮኖሚ ያማክራል። ደመወዛቸውን የሚሸፍነው የመንግሥት በጀት ነው። ሥልጠናውም በአውሮፓ ኅብረት የንብ ማነብ ድጋፍ ይታገዛል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ባለሙያው መጥቶ አስተምሮ ሲሄድ ትምህርቱ አብሮት አይሄድም፣ የተማረው ማኅበር መንደሩ ውስጥ ይቀራል። ጀማሪው ማታ የሰማውን በማግስቱ ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ቀፎ ከፍቶ ያየዋል። ሲያጠፋም አብሮት የሚያጠፋ ሰው አለው፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ማኅበሩ ለወግ ብቻ ነው እንዳትሉ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቫሮአ የምትባል ጥገኛ ተባይ አለች፣ በንቡና በዕጩ ላይ ተጣብቃ የምትመጥ። አውሮፓ ውስጥ ያልታከመ መንጋ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። አሁን አንተ ቀፎህን በጊዜው አከምክ እንበል፣ ጎረቤትህ ግን አላከመም። የእሱ መንጋ ይደክማል። የአንተ ብርቱ ንቦች የደከመውን ቀፎ ማር ሊዘርፉ ይሄዳሉ። ማሩን ይዘው ይመጣሉ፣ ቫሮአዋንም አዝለው ይመጣሉ። ንብ አጥር አያውቅም። ስለዚህ መንደሩ በአንድ ሰሞን ተነጋግሮ ማከም አለበት፣ ለብቻ ማዳን የሚባል ነገር የለም። ይህን ሳነብ ነው ማኅበሩ ለምን 150 ዓመት እንደኖረ የገባኝ። ባህል ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ንቡ ራሱ ያስገድዳል።

ስለ ቀፏቸውም ትንሽ ልበል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንቶን ዥኒደርሺች የሚባል ሰው አልበርቲ የተባለ ጀርመናዊ የሠራውን ቀፎ ለአገሩ እንዲመች አሻሻለው። በሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት «አ-ዥ» ይባላል። እንደ ቁም ሣጥን ከኋላ ነው የሚከፈተው፣ ፍሬሙን ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ እንደማውጣት ስበህ ታወጣለህ። ቀፎዎቹ ጎን ለጎንና ላይ በላይ ተደርድረው የአንድን የእንጨት ቤት ግድግዳ ይሠራሉ። ንቦቹ በውጭ በኩል ይገባሉ ይወጣሉ፣ ሰውየው ውስጥ በጥላ ቆሞ ይሠራል፤ ዝናብ ቢመጣም ሥራው አይቋረጥም። ሽማግሌ ሣጥን ማንሳት አይጠበቅበትም፣ ልጅም ዳር ቆሞ ማየት ይችላል። በሺዎች የሚቆጠር ቀፎ ለሚይዝ ነጋዴ ግን ጊዜ የሚበላ ነው፤ ከስሎቬኒያ ውጭም ብዙም አልተስፋፋም። እነሱ አልተዉትም። እኔ እንደሚገባኝ ለማስተማር የሚመች ቀፎ ስለሆነ ጭምር ነው፤ ንባቸውም ያግዛቸዋል። የካርኒዮላ ንብ የምትባለው የአገራቸው ዝርያ የዋህ ናት፣ በዓለም ላይ ከጣሊያኗ ቀጥሎ በብዛት የምትረባው እሷ ናት። በአገራቸው ከእሷ ሌላ ዝርያ ማርባት በሕግ ክልክል ነው።

ልጆቹ ጋ ስንመጣ ሥራቸው ያስቀናል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንብ ክበብ አለ። ክበቡን የሚመራው አንድ መምህርና ከአካባቢው ማኅበር የመጣ አንድ ንብ አናቢ ነው፤ መምህሩ ልጆቹን ያውቃል፣ ሰውየው ንቡን ያውቃል። ክረምቱን ስለ አበባና ስለ ንብ አካል ይማራሉ፣ ፍሬም በምስማር ይመታሉ፣ ጣውላ ይቀባሉ። ሲሞቅ ወደ ቀፎው ይሄዳሉ። በዓመት አንድ ጊዜ አገር አቀፍ ውድድር አለ፣ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ እየተባለ ይሸለማሉ። እዚያ ያለፈ ልጅ ሁሉ ንብ አናቢ አይሆንም። ግን አድጎ ገበሬ ሲሆን አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ መድኃኒት ለመርጨት እጁ ይይዘዋል፤ ሹም ከሆነም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የወደድኩት የማር ቁርሱን ነው። በ2007 የንብ አናቢዎቹ ኅብረት አንድ ቀላል ነገር አሰበ። የየአካባቢው ንብ አናቢ ለሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ማር በነፃ ያምጣ፣ ልጆቹ አንድ ቀን ቁርሳቸውን በማር ይብሉ። በቃ። ሰዎቹ ማሰሮአቸውን ይዘው ሄዱ፣ ልጆቹ መሐል ተቀምጠው ስለ ንብ አወሩ። በ2011 ነገሩ አድጎ አገር አቀፍ ሆነ፣ በየዓመቱ ኅዳር ወር በሦስተኛው ዓርብ በየትምህርት ቤቱ የአገር ውስጥ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ወተትና ፖም ይቀርባል። ይህን ስታስቡት ብልሃት አለው። ማስታወቂያ ነው፣ ግን ማስታወቂያ አይመስልም። የአራት ዓመቷ ልጅ ማር የምታውቀው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከእገሌ አባት እጅ ነው፤ ስታድግ የማን ማር እንደምትገዛ መገመት አያቅትም።

ዓለም የሰማው ግን ሌላውን ሥራቸውን ነው። በ2014 ኅብረቱ «ለንብ ዓለም አቀፍ ቀን ይሰየምላት» ብሎ ተነሳ፣ መንግሥታቸውም ተቀብሎ ለሦስት ዓመት ያህል ደጅ ጠና። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2017 ላይ ግንቦት 20ን (በእኛ ግንቦት 12 መሆኑ ነው) የዓለም የንብ ቀን ብሎ አጸደቀ። በ2018 መጀመሪያ የተከበረውም ያንሻ የተወለደባት መንደር ባለችበት በዢሮቭኒትሳ ነው። ቀኑ የተመረጠው በእሱ ነው፤ ትክክል ለመናገር ያ ቀን ክርስትና የተነሳበት ነው። በ2022 ደግሞ የስሎቬኒያ ንብ ማነብ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ።

ይህ ሁሉ ሰልፍና ሽልማት ነው ለሚል ሰው የ2011ን ልንገረው። በዚያ ዓመት ጸደይ በሰሜን ምሥራቅ፣ ፖሙርዬ በሚባለው የእርሻ አገር፣ በቆሎ በሚዘራበት ሰሞን ንብ በብዛት ተመርዞ አለቀ። ዘሩ ኒዮኒኮቲኖይድ በሚባል ፀረ ተባይ የታሸ ነበር፤ ሲዘራ ብናኙ ይነሳል፣ አበባ ላይ ያርፋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? የተደራጁት ንብ አናቢዎች ግን ዝም አላሉም፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት በመድኃኒቱ የታሸ ዘር እንዳይዘራ አገደ። የአውሮፓ ኅብረት ሦስቱን ዋና ዋና የኒዮኒኮቲኖይድ ዓይነቶች ከቤት ውጭ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ የከለከለው በ2018 ነው። እነሱ ቀደሙ።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም እዚያም። ንብ አናቢው እያረጀ ነው። የአየሩ ጠባይ ተዛብቷል፤ በ2021 ጸደይ ውርጭ አበባውን መታውና አገሩ ማር አጣ፣ ብዙ ሰው ከመቁረጥ ይልቅ ንቡን ስኳር ሲቀልብ ከረመ። ርካሽ ማርም ከውጭ ይገባባቸዋል። ማኅበሩ ይህን ሁሉ አይፈታም።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ።

አገራችን በማር ከአፍሪካ አንደኛ ናት፣ በሰምም በዓለም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። ሆለታ ላይ ለአሥርት ዓመታት የሠራ የንብ ምርምር ማዕከል አለን። ወጣቶችን በንብና በሐር ትል ያደራጁ ትልልቅ ፕሮግራሞችም መጥተዋል። ያም ሆኖ ከአሥር ቀፎ ዘጠኙ ዛሬም ባህላዊ ነው። ለምን ሲባል «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል መልስ ይቀናናል። እኔ አልቀበለውም። ዘመናዊ ቀፎ ጥቅሙ እንጀራው ሳይሰበር ማሩ ወጥቶ ተመልሶ ለንቡ መሰጠቱ ነው፣ ንቧ እንደገና ሰም ለመሥራት ማር አትበላም። ለዚያ ግን ሰም አንጣፊ ያስፈልጋል፣ ማሽን ያስፈልጋል፣ ማሽን ደግሞ አንድ ሰው ለአምስት ቀፎ አይገዛም። ማራችን በብዛት የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው፣ ጠጅ ጣይ ደግሞ ማሩን ከነሰፈፉ ይገዛል፣ ተጣርቷል ብሎ የሚጨምርልህ ነገር የለም። እንግዲህ አጎቴ ሣጥኑን ቢተዉት ሂሳቡን አውቀው ነው።

የስሎቬኒያን ቀፎ እናምጣ እያልኩ አይደለም። የእኛ ንብ ቁጡ ናት፣ ካልተመቻትም ትኮበልላለች፣ ለዚህ ነው ማታ በጨለማ የሚቆረጠው፤ ቀን ከቀን በር ከፍቶ ለልጅ ላሳይ ቢሉ ሰፈሩ ይታመሳል። ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ሴቶችም ዳር ተደርገው ኖረዋል። የሚመጣ ነገር ካለ አሠራሩ ነው። ሁለት ቀን የሚከፈለው አበል አንድ ማሽን ቢሆንና አሥራ አምስት ጎረቤት በወረፋ ቢጠቀምበት፣ ያ የተዛወረው ልጅ ሲሄድ የሚያውቀውን የሚያውቅ ሁለት ሰው መንደሩ ውስጥ ቢቀር። ደቦ እናውቃለን፣ እድር እናውቃለን፣ ይህን ለማቋቋም ከማንም መማር የለብንም። ንብ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ሣጥን አሸክመን እንልካለን።

ባለፈው ደውዬ ይህን ሁሉ ለአጎቴ አወራሁላቸው። ስለ እቴጌይቱ ግድ አልሰጣቸውም። ስለ ተባበሩት መንግሥታትም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ቁርሱ ነው።

«ማሩን ለልጆቹ በነፃ ነው የሚሰጡት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«በየሰፈሩ።»

ዝም አሉ። ከዚያ የጎረቤታቸው ልጅ ማር ሲቆርጡ ችቦ እየያዘ አብሯቸው እንደሚያመሽ፣ ደጋግሞ ተነድፎም እንዳልሸሸ ነገሩኝ። ሣጥኑን ለእሱ ለመስጠት አስበዋል፤ ሰሙን ከየት እንደሚያመጣለት ገና አላወቁም፣ ከታችኛው ሰፈር ማሽን ያለው ሰው አለ ሲባል ሰምተዋል። ለጊዜው ግን ዶሮዋ ታቅፋበታለች። 21 ቀኗን ትጨርስ ብለዋል።